ድሮ እዚህ ጋ ግራር ነበር

እኛ አገር ሰው የሚጠፋው መንገድ ስለማያውቅ አይደለም፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው ስላገኘ ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ። «ፋርማሲው በየት በኩል ነው?» ስትሉት ቀኝና ግራ አይነግራችሁም። «ጠጅ ቤቱ የነበረበትን ታልፍና፣ ዋርካው የተቆረጠበት ጋ ስትደርስ ትታጠፋለህ» ይላችኋል። ጠጅ ቤቱ ከፈረሰ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ዋርካው ሲቆረጥ እናንተ አልተወለዳችሁም። «ገባህ?» ይላል። «ገባኝ» ትላላችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ!

የአዳማው ተወካያችን ክቡር አቶ ዱጋሳ ይባላሉ። የነበሩ ነገሮች ሁሉ ባላደራ፣ የፈረሱ ግንቦች ጠበቃ፣ ማንም ሳይመርጣቸው የቅዳሜ እግረኞች ማኅበራችን ሊቀመንበር። ጡረታ የወጡት ከምን ሥራ ነው ብትሉኝ ከመሬት ቀያሽነት ነው። እውነቴን ነው። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ድንበር ሲለኩ ኖረዋል።

እኔ ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት በስኳሬ ምክንያት ነው። ሐኪሙ «ተራመድ» አለኝ እንጂ ከማን ጋር እንደሆነ አልነገረኝም። ለጋሽ ዱጋሳ ስደውልላቸው «ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ኪዮስኩ ጋ ና» አሉኝ። ኪዮስኩ መንገዱ ሲሰፋ ከተነሳ ቆይቷል፤ የመጀመሪያዋን ቅዳሜዬን ሙሉ እሱን ስፈልግ ዋልኩ። ሐኪሙ ግን ስኳርህ ወርዷል ብሎ አመሰገነኝ።

አሁን የምነግራችሁ ያለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ የሆነውን ነው። ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ጂቱ ቤት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ጂቱ የማኅበራችን አባል ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። ሽማግሌዎቹ ከባቱ ድረስ የሚመጡት ልጇን ኤቢሴን ለመጠየቅ ነው። የኤቢሴ አባት መርጋ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ታዲያ በአባቷ ቦታ ሆኖ ሽማግሌ የሚቀበለው ማን ነው? የመርጋ የልብ ወዳጅ፣ ጋሽ ዱጋሳ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለበት ሰው በዚያ ቀን ቤቱ አይቀመጥም ወይ? ይቀመጣል። ግን ጂቱ ወጡ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ጨው ስትጨምር እህቶቿ ይዘዋት ከወጥ ቤት አስወጧት። «ሂጂ ከሰዎችሽ ጋር ተናፍሰሽ ነይ» አሏት። ጋሽ ዱጋሳም ደረታቸውን ነፍተው፣ «ስድስት ሰዓት ላይ ቤትሽ ነሽ። እኔ ይሄን አገር ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው» አሉ።

ችግሩም እሱ ነበር፤ ዓይናቸውን ገልጠው አያዩትም።

መልካሳ ላይ ከሚኒባስ ወርደን ዘጠኝ ሰዎች ወደ ቁጥቋጦው ገባን። ሐሳቡ ሜዳውን አቋርጠን የሶደሬን መንገድ መያዝ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ጠዋቱ ደስ ይላል። ነፋሱ ገና አቧራውን አላነሳም፣ ጂቱም ስለ ልጇ እያወራች ፈገግ ትላለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ዱጋሳ ቆሙና ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ድሮ እዚህ ጋ ትልቅ ግራር ነበር» አሉ። «መንገዱ ከሥሩ ለሁለት ይከፈላል፤ እኛ የግራውን ነው የምንይዘው።»

ዙሪያውን አየን። ትልቅ ግራር የለም። ትናንሽ ግራር ግን አራት መቶ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ሥር ደግሞ የፍየል መንገድ ለሁለት ይከፈላል።

«የቱ ጋ ነው ጋሼ?» አለ ፍሬዘር። ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፤ እግሩ ላይ ካለው ጫማ ዋጋ ሌላ ነውር የለበትም።

«እዚህ ጋ ነዋ!» አሉ ጋሽ ዱጋሳ፣ ባዶውን አየር በዱላቸው እየጠቆሙ።

የግራውን ያዝን። ከዚያ ደግሞ «በረት የነበረበትን» አለፍን፤ «ጉድጓዱ ሳይደፈን በፊት ከነበረበት» ታጠፍን። አንድ ትልቅ ኩይሳ አልፈን ብዙ ሄድንና ሌላ ትልቅ ኩይሳ አገኘን። ትንሽ ቆይተን ሦስተኛ ኩይሳ አገኘን። የኩይሳ አገር ነው ብዬ ተደነቅኩ፤ ፍሬዘር ግን ጠጋ ብሎ ጠዋት ራሱ የጣለውን የሙዝ ልጣጭ አሳየኝ። አጠገቡ የቆመችው ግመልም ለሦስተኛ ጊዜ ስታየን ማመንዠኳን አቆመች።

ፍሬዘር ስልኩን አወጣ። ስልኩ በባዶ ነጭ ሜዳ መሃል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አድርጎ አስቀመጠን። ጋሽ ዱጋሳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና ሳቁ። «ይሄማ ምኑንም አያውቅም! በረቱን እንኳ አልጻፈውም!»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቁጭ አለች። እኔ ፀሐይዋን በቀኜ አድርጌ ጀምሬ አሁን በየት በኩል እንደሆነች ግራ ገብቶኛል፤ ሰሜንና ደቡብ ቢለምኑኝ አልለይም። ጂቱ መጀመሪያ ሰዓቷን በየሩብ ሰዓቱ ታይ ነበር፤ ኋላ በየደቂቃው ሆነ። ሰባት ተኩል ላይ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ጋሽ ዱጋሳ» አለች። «የነበረውን ይተዉልኝና ያለውን ያሳዩኝ! ሰው ልጄን ሊጠይቅ እየመጣ ነው። አባት የሌላት ልጅ ናት፤ የሚቀበልም ሰው አጡ ይባልብኝ?»

ጋሽ ዱጋሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዟት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «መርጋ ቢኖር ኖሮ ይሰድበኝ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን እየነዱ ከጢሻው ብቅ ያሉት በዚህ ጊዜ ነው። ወደ እሳቸው ልንሮጥ ስንል ጋሽ ዱጋሳ በእጃቸው ከለከሉን፤ ሰው ሰላም ሳይባል መንገድ አይጠየቅም። «አካም ጅርቱ?» ተባለ። ጤና ተጠየቀ፣ ቤተሰብ ተጠየቀ፣ ከብት ተጠየቀ፣ ዝናብ ተጠየቀ። ጂቱ ጥርሷን ነክሳ ሰዓቷን ታያለች። ኦሮምኛዬ ገበያ ላይ የሚያግባባ ያህል ነውና ጆሮዬን አቁሜ ተከታተልኩ።

«አስፋልቱማ እዚሁ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ትልቁ ሾላ የነበረበትን በቀኝ ትተዉታላችሁ።»

ደግሞ ሌላ «የነበረ» መጣብን!

«መብረቅ የመታው ሾላ?» አሉ ጋሽ ዱጋሳ።

«እሱ ራሱ! ከዚያ የቶላ ወፍጮ ወደነበረበት ትወርዳላችሁ።»

«ከመቃጠሉ በፊት የነበረበት ነው፣ ወይስ በኋላ ያዛወረበት?»

«ከመቃጠሉ በፊት እንጂ!»

«በሉኛ!» አሉ ጋሽ ዱጋሳ፤ ፊታቸው በራ። «እኔ እኮ በኋላ ያዛወረበትን ይዤ ነው ስዞር የዋልኩት!»

ፍሬዘር ክንዴን ያዘኝ። «ምን አሉ? ምን አይተን ነው የምንታጠፈው?»

«ምንም» አልኩት። «ዝም ብለህ ተከተል።»

ሾላ በሌለበት በግራ አለፍን፤ ወፍጮ ወደሌለበት ወረድን። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የመኪና ድምፅ ሰማን። አስፋልት! ፍሬዘር ሊስመው ምንም አልቀረው። ግን መኪናው ሁሉ ሞልቶ ያልፋል፤ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አዝኖልን እስኪቆም ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ጂቱ ቤት የደረስነው አሥር ከሩብ ላይ ነው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሽማግሌ ቃሉን ሳያደርስ አይቀመጥም፤ ቃሉን የሚቀበለው ሰው ደግሞ የለም። የጂቱ እህቶች በበሩ ሥር ተደርድረው ላብ በላብ ሆነዋል። በዚህ መሃል ክቡር ሊቀመንበራችን ገቡ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭጎጎት ለብሷል፣ ጫማቸው አፈር ነው፣ ባርኔጣቸው ላይ እሾህ ተሰክቷል። ይቅርታ ጠይቀው እንግዶቹን ወደ ሳሎን አስገቡ። እኔም ማንም ስላልከለከለኝ ገባሁ።

ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር የመርጋ ወንበር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አልተቀመጠበትም። እህቶቿ ለጋሽ ዱጋሳ ብለው ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል። እሳቸው ግን ትንሽ በርጩማ ስበው ከወንበሩ አጠገብ አኖሩና ቆሙ።

«የልጅቷ አባት እርስዎ ነዎት?» አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ።

ጋሽ ዱጋሳ በዱላቸው ባዶውን ወንበር አሳዩ።

«አባቷ ድሮ እዚህ ጋ ይቀመጥ ነበር» አሉ። «እኔ ከጎኑ ነኝ። ቃላችሁን ለሁለታችን ንገሩን።»

ትልቁ ሽማግሌ ወንበሩን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሱና ፊታቸውን ወደ ወንበሩ መለስ አድርገው የመጡበትን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሁለቱም ተናገሩ። ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር ሥር የቆመችውን ጂቱን አየኋት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ሳያት አየችኝ።

«ይሄኛውን የነበረ ቦታ ጋሽ ዱጋሳ አልሳቱትም» አለችኝ ቀስ ብላ።

እንደ ደንቡ ሽማግሌዎቹ «መክረን እንነግራችኋለን» ተብለው ለሁለት ሳምንት ተቀጠሩ። ጋሽ ዱጋሳ እስከ ውጭ በር ሸኟቸውና፣ ሲመለሱ ሩቅ እንዳይዞሩ፣ ዳቦ ቤቱ የነበረበትን አልፎ የሚመጣ አቋራጭ አስረዷቸው። ሦስቱም «ገባን» አሉ። እኔ ፀለይኩላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንት ሰው ይቀራል ብዬ እያሰብኩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ዘጠኛችንም መጣን። ጂቱ ግን ቀድማኛለች፤ ኪዮስኩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆማ ጋሽ ዱጋሳን ትጠብቃለች።