የቤት ቁጥር 4 ቋሚነት

ስብሰባው ቅዳሜ ጥቅምት 12 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 እንዲጀመር ተጠርቶ፣ 3፡40 ላይ በመኖሪያ ግቢው የፓምፕ ክፍል ተጀመረ። ከሰባቱ የውሃ ኮሚቴ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦ ሊቀመንበሩ (ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ቤት ቁጥር 11)፤ የቀድሞ ባለቤታቸው ሲስተር (ነርስ፣ ቤት ቁጥር 4)፤ ቧንቧ ሠራተኛው፣ በቅጽል ስሙ ጠብታ፤ ጸሐፊው። በተጋባዥነት፦ የፓምፑን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራችው ባለሙያ።

አጀንዳ 1፦ ውሃ ሲመጣ ሁልጊዜ ቤት 4 የሚቀድመው ለምንድን ነው?

ባለሙያዋ ስታስረዳ፣ ሊቀመንበሩ ቤት 4 ይኖሩ በነበረ ጊዜ «ቀዳሚው አራት ይሁን፤ ማንም እንዳይነካው!» ብለው በማዘዛቸው ቁጥሩን ቋሚ አድርጋ እንደጻፈችው ተናገረች። ከፍቺው በኋላ ሊቀመንበሩ ቤት ቢቀይሩም ለፕሮግራሙ የነገረው ሰው የለም።

ጠብታ «ቋሚ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ባለሙያዋም ተለዋዋጭ ማለት ስም የተለጠፈበት ባልዲ እንደሆነ፣ ስሙ ሳይቀየር ውስጡ እንደሚቀያየር፣ ቋሚ ግን ክዳኑ የታሸገ ባልዲ እንደሆነ ገለጸች። ቀዳሚው ቤት ተለዋዋጭ ቢሆን በየሳምንቱ ለሁሉም ተራ እንደሚደርስም አከለች።

ሊቀመንበሩ «ልጄ፣ ወሬውን ተዪና አራትን አጥፍተሽ አስራ አንድ በዪው፤ እኔ ተለዋዋጭ ሰው አይደለሁም» አሉ። ሲስተር ይህንን ራሳቸው እንደሚመሰክሩ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ ሲለወጡ እንዳላዩ ገለጹ። ሳቅ ስለበዛ ጸሐፊው ለጥቂት ደቂቃ አልጻፈም።

ጠብታ ለሁሉም ተራ እንዲዳረስ የሳምንቱ ቀናት ብዛት ተለዋዋጭ ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ደጋፊ አላገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
1. ቀዳሚው ቤት ተለዋዋጭ እንዲሆን፤
2. ተራው ከቤት 1 እንዲጀምር በሦስት ድምፅ ተወሰነ።

ሊቀመንበሩ ድምፃቸው ተቀይሮ፣ አስራ አንድ እስኪደርስ አስር ሳምንት እንደሆነ፣ አልጋ ላይ የዋሉት እናታቸው በየቀኑ መታጠብ እንዳለባቸው፣ እስከ ዛሬም ይህን መናገር አፍረው እንደቆዩ አስረዱ።

ሲስተር «እማማ ታመው እኔ አልሰማም? ምነው፣ የተፋታሁት ከእሳቸው ጋር ነው እንዴ?» ሲሉ ተቆጡ።

በመሆኑም ተራ ቁጥር 1 እና 2 ተሽረው፣ ቤት 4 እንደ ጥንቱ ቋሚ ሆኖ እንዲቀጥል፣ ከዚያው ቤትም እስከ ቤት 11 የውሃ ጎማ እንዲዘረጋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ባለሙያዋ ከፕሮግራሙ አንድ ፊደል አልነካችም።

ሊቀመንበሩ ጎማውን በአንድ ጫፍ፣ ሲስተር በሌላው ይዘው በመውጣታቸው ስብሰባው 5፡20 ላይ ያለ ሰብሳቢ ተበተነ።