ወደ ኋላ እየቆጠሩ ወይዘሮ ዱልሲን ማሰናበት

የማስታወስ ችሎታ ጥናት ክፍል የሥራ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኦገስት 7፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ሆባርት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ማሞቂያው ከተበላሸ ሁለት ክረምት ያለፈው የስብሰባ ክፍል

የተገኙ፦
ዶ/ር ጋርዝ ፖምፍሬት፣ ሰብሳቢ
ዶ/ር ኔቪል ክራምፕ፣ የረጅም ጊዜ ትውስታ ተመራማሪ
ዶ/ር ሌይላኒ ቫይፑሉ፣ የአጭር ጊዜ ትውስታ ተመራማሪ
ሮዌና ፊች፣ ፀሐፊ

ያልተገኙ፦ ዶ/ር ባዚል ኦርም፣ ስብሰባውን ረስተው። ላሚንግተን የተባለውን ኬክ የማምጣት ተራው የእሳቸው ስለነበር ኬክም አልተገኘም።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት የክፍሉን የሻይ ጋሪ የሚገፉት ወ/ሮ ዱልሲ አቦት ሻይ ሊያድሉ ገብተዋል፤ አባል ስላልሆኑ አልተቆጠሩም።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

በክፍሉ ደንብ መሠረት ፀሐፊዋ ማስታወሻዋን ማንበብ አትችልም፤ ከወረቀት የተነበበ ነገር ማስታወስ አይባልምና። ያለፈውን ስብሰባ ያስታወሰ አባል ስላልነበረ ጉዳዩ ለዘጠነኛ ጊዜ ተላልፏል።

አጀንዳ 2፦ የሻይ አገልግሎት

ሰብሳቢው የእያንዳንዱን ሰው ምርጫ የሚይዝ የሻይ ማሽን መምጣቱን ገልጸው፣ ወ/ሮ ዱልሲ ከነገ ዓርብ ጀምሮ እንዲሰናበቱ ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ ዱልሲ በዚህ ጊዜ የሰብሳቢውን ሻይ እየቀዱ ነበር።

ክርክሩ ግን በማሽኑ አዝራሮች ብዛት ላይ ሆነ። ዶ/ር ቫይፑሉ፣ የአጭር ጊዜ ትውስታ በአንድ ጊዜ አራት ነገር ያህል ብቻ ስለሚይዝ ከአራት በላይ አዝራር ትርፍ ነው ብለዋል። ዶ/ር ክራምፕ የሚይዘው ሰባት መሆኑን ከመጽሐፍ ጠቅሰዋል። ዶ/ር ቫይፑሉ፣ «ያ መጽሐፍኮ ከሹራብህ ያረጀ ነው» ሲሉ፣ ዶ/ር ክራምፕ ሹራቡን የሠሩላቸው ሟች እናታቸው መሆናቸው እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል፤ ተመዝግቧል። ከረጅም ውይይት በኋላ አምስት ተኩል አዝራር እንዲሆን ተወስኗል።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ በጥናት ተሳታፊዎቻችን ላይ እንደምናደርገው ሁሉ፣ አባላቱ ከመቶ ጀምረው ሦስት ሦስት እየቀነሱ ጮክ ብለው ቆጥረዋል። ይህ ደንብ የወጣው አባላት የሰሙትን በልባቸው እየደጋገሙ በችኮላ እንዳይወስኑ ነው። አርባ ሦስት ላይ ዶ/ር ክራምፕ ስለተሳሳቱ እንደገና ከመቶ ተጀምሯል።

ቆጠራው ሲያበቃ ሰብሳቢው የሚደግፉ እጅ እንዲያወጡ ጠየቁ። ዶ/ር ክራምፕ እጃቸውን አውጥተው፣ «ምኑን ነው የምንደግፈው?» አሉ። ሰብሳቢውም አላስታወሱም። ዶ/ር ቫይፑሉ፣ ያልተደጋገመ ነገር በሃያ ሰከንድ ገደማ ከአጭር ጊዜ ትውስታ እንደሚጠፋ አስረድተው፣ ውጤቱ ከጥናታቸው ጋር ፍጹም እንደሚስማማ ገልጸዋል። ኮሚቴው እንኳን ደስ ያለዎት ብሏቸዋል።

ሐሳቡ በፀሐፊዋ ማስታወሻ ላይ አለ። ደንብ ነውና አላነበበችውም፤ ባለማንበቧም ደስ ብሏታል።

ሰብሳቢው ወደ ጋሪው ዞረው፣ «እትዬ ዱልሲ፣ ምን ልንወስን ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ዱልሲ የፈለጉትን መናገር ይችሉ ነበር። «እኔን ከነገ ጀምሮ ልታባርሩኝ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «አዝራሩ ደግሞ አምስት ተኩል ነው።»

እንዴት እንዳስታወሱ ተጠይቀው፣ «ሰው እንጀራው ሲቆረጥ ይረሳል እንዴ?» ብለዋል። ዶ/ር ክራምፕ፣ ትርጉም ያለውና ልብ የነካ ነገር ወደ ረጅም ጊዜ ትውስታ በቀላሉ እንደሚገባ ማብራራት ሲጀምሩ ወ/ሮ ዱልሲ አቋረጧቸው።

«አንተ ኔቪል፣ ስኳር አትወድም ነበር። እናትህ ያረፉ ለት ዝም ብዬ ሁለት ጨመርኩልህ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነው። ለማሽኑ ይህን ማን ይነግርልሃል?»

ዶ/ር ክራምፕ የሹራባቸውን እጅጌ እየሳቡ የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ጠይቀዋል። ተፈቅዶላቸዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ዶ/ር ክራምፕ ከዕረፍት እንደተመለሱ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ማሽኑ እንዲመለስና ወ/ሮ ዱልሲ በሥራቸው እንዲቀጥሉ ሐሳብ አቅርበዋል። ዶ/ር ቫይፑሉ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መቆጠር ስላለበት ይህም ሐሳብ እንደሚረሳ ሥጋታቸውን ገልጸዋል። ሳይቆጠር ይለፍ የሚል ሐሳብ ቢቀርብም፣ ለእሱም መቆጠር እንዳለበት ሰብሳቢው አስታውሰዋል።

ወ/ሮ ዱልሲ፣ «እናንተ ቁጠሩ፣ እኔ እይዝላችኋለሁ» አሉ።

ተቆጠረ። ሲያበቃ ሰብሳቢው ሐሳቡ ምን እንደነበር ወ/ሮ ዱልሲን ጠየቁ። እሳቸውም፣ «ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ይሻር፣ ማሽኑ ይመለስ፣ እኔ እቆያለሁ፣ ማሞቂያውም እስከ ሰኞ ይጠገን» ብለዋል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ስለ ማሞቂያው የተባለው በፀሐፊዋ ማስታወሻ ላይ የለም። ነገር ግን ፀሐፊዋ ማስታወሻዋን ማንበብ አትችልም።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡15 ሰዓት ላይ ተበትኗል።

ሮዌና ፊች፣ ፀሐፊ