የዐሥር ዓመት ምርቃት

እኛ ዘንድ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በሌላው አገር ሰው ከዕድሜው ላይ ይሸራርፋል ሲባል ሰምቼ ገርሞኝ ነበር፤ ምን ሊያደርግበት? ጎንደር ሳለን የሠላሳ ዓመቱ አርባ ነኝ ይላል፤ አርባ የሞላውም ጢሙን እያሻሸ፣ እንግዲህ ሃምሳን ሳላልፍ አልቀርም ይላል። ታናሽ ሲናገር ማን ይሰማዋል? ሥጋ ሲታደልስ የሚደርሰው መቼ ነው? ስለዚህ ዕድሜውን ጨምሮ የከሰረ ሰው አላውቅም ነበር፤ እኔው ራሴ እስክከስር ድረስ።

በሱዳን አድርገን እዚህ አገር ስንገባ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። መዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ከእናቴ ወንድም ከጋሼ ተገኘ ጋር ቆምኩ። ጸሐፊው በአስተርጓሚ ስንት ዓመትህ ነው ሲለኝ፣ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ተገኘ ቀደሙኝና አስተርጓሚውን ሠላሳ ሰባት በለው አሉት። ኋላ ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ በሰው አገር ልጅ ሆኖ የገባ ሰው መላላኪያ ሆኖ ይቀራል አሉኝ። የገበያ ሴት ጤፍ ሰፍራ ስታበቃ ጭብጥ ታህል ጣል እንደምታደርገው፣ እሳቸውም ዐሥር ዓመት መረቁኝ። ቴዑዳት ዜሁት የሚሉት መታወቂያዬ ላይ ይኸው ተጽፎ አለ።

እውነቱን ልናገርና፣ ተጠቅሜበታለሁ። አሽቀሎን ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና የምጠራው እኔ ነኝ። ሚግዳል ገበያ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰዎች ጋሼ እያሉ ቦታ ሲለቁልኝ፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

አጭር ሥልጠና እንደጨረስኩ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የጦር ካምፕ ወጥ ቤት ገባሁ። ቄቫ ነው የሚሉት፤ በደመወዝ የሚቆይ ቋሚ ወታደር ማለት ነው። ስፈርም ሕጉ ግልጽ ነበር። ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ፔንሲያው፣ ማለት ጡረታው፣ ይከበርለታል። ስለ ዕድሜ አንዲት ቃል አልነበረበትም። እኔም ድስት ተሸካሚ ሆንኩ። ድስት ስል ሚስታችሁ ምድጃ ላይ የምትጥደው እንዳይመስላችሁ፤ ጎረምሳ ገብቶ ሊታጠብበት የሚችል ድስት ነው። ደንቡ ሁለት ሰው ያንሣው ይላል። ሁለተኛው ሰው ግን ሁልጊዜ ፈቃድ ላይ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ድስት ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ማጠቢያ ሳመላልስ ኖርኩ።

በሰባተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። የጡረታው ደንብ ተሻሽሏል ይላል። ይህቺን ተሻሽሏል የምትል ቃል ስሰማ እጄ ወዲያው ኪሴን ይዳብሳል። ከእንግዲህ አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ውሉ አይታደስም፤ ዐሥር ዓመት ካላገለገለም የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶት ይሸኛል። እኔ በመታወቂያዬ አርባ አምስት ሞልቶኛል፤ በአገልግሎቴ ሦስት ዓመት ይጎድለኛል። ለመሥራት አርጅቻለሁ፣ ለመጦር ልጅ ነኝ። በእናታችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ተናደድኩ። ሕግ አይለወጥ አላልኩም። ነገ ለሚፈርመው ይለወጥበት፤ እሱ አንብቦ፣ አይበጀኝም ካለ ጥሎ ይሄዳል። እኔ ግን ሰባቱን ዓመት የሰጠሁት በአሮጌው ሕግ ነው። መሬት በእኩል ይዞ ያረሰውን፣ የዘራውን፣ ያረመውን ሰው፣ ማጭዱን ሲያነሣ ጠብቀው ውሉ ተሻሽሏል ቢሉት፣ በእኛ አገር ደም ይፈስ ነበር። እዚህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስለሆነ ደም አይፈስም፤ ወረፋ ነው የሚያዘው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ያለው ሰው ይህን አይቶ መሆን አለበት። ደንቡን ያወጡት ሰዎችስ አርባ አምስት ሞልቷቸው ይሆን? ሁሉም እንዳለፉት በዕድሜዬ እምላለሁ፤ በየትኛው ዕድሜህ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።

ሚስቴ ነገሩን በአጭሩ ቆረጠችው። አራት ልጅ ይዘን የምስጋና ወረቀት አንበላም፤ ሂድና ልጅ መሆንህን አስመስክር አለችኝ።

ሄድኩ። አፍሪዳር ሰፈር ያለው የጦሩ ቢሮ ውስጥ የምታስተናግደኝ ወታደር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሞላት ነው። ጨዋ ልጅ ናት፤ ክፋቷ ጨዋነቷ ነው፤ ሰው እንዳይቆጣት ታደርጋለች። ዕድሜ ለማስተካከል ወይ ስወለድ የነበረ ምስክር ማምጣት፣ ወይ የሐኪሞች ኮሚቴ ፊት መቅረብ ነው አለችኝ። አንቺስ ስትወለጂ ማን ነበረ ልላት ከአፌ መለስኩት።

ስወለድ የነበሩት፣ በሕይወት ካሉት ውስጥ፣ ጋሼ ተገኘ ብቻ ናቸው። ቤታቸው ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። እምቢ አሉ። ያኔ በመንግሥት ፊት ሠላሳ ሰባት ያልኩ ሰው ዛሬ ሃያ ሰባት ነበር ብል፣ ነገ በሽምግልና ማን ያምነኛል አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያን ቀን ለራሳቸውም ጨምረው እንደነበር ነገሩኝ። የሽማግሌ አበል የሚበሉት በዚያው ነው። የእኔ ክር ከተመዘዘ የሳቸው ጋቢ መተርተሩ ነው። በሳቸውም ተናድጄ ወጣሁ። አውቶቡስ ስጠብቅ ግን ንዴቴ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ባዶ እጁን ድንበር የተሻገረ ሰው፣ ከዕድሜ በቀር ምን አለውና ይመርቃል?

የቀረኝ ሐኪም ነው። ከኮሚቴው አንዱ ሐኪም እንደ በቅሎ ገዢ ከንፈሬን ገልጦ ጥርሴን አየ። ጉልበቴን አጠፈ፣ ዘረጋ። ከዚያ ጀርባዬን ራጅ አስነሥቶ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቶ ሲያይ ብዙ ቆየ። ሃያ ዓመት ያህል ሸክም ሠርተሃል ወይ ሲለኝ፣ ሰባት ዓመት ብቻ፣ ያውም በድስት አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። እኔም የዋሁ፣ ራሱን የነቀነቀው አዝኖልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ፖስታውን ከፈተች። በአከርካሪውና በጉልበቱ ሁኔታ ሲገመት፣ ይላል ወረቀቱ፣ ባለጉዳዩ ከሃምሳ ዓመት አያንስም። ልጅቷ ማ ላዓሶት፣ ምን ይደረግ ብላ ትከሻዋን ሰበቀች፤ በዚህ ከሄድን ከአምስት ዓመት በፊት ነበር መውጣት የነበረብህ አለችኝ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ሐኪሙ ያነበበው ዕድሜዬን አይደለም፤ የእናንተን ድስት ነው አልኳት። ለጡረታ አይበቃም ያላችሁት ሰባት ዓመት፣ ጀርባዬ ላይ ሲደርስ እንዴት ሃያ ሆነ? ሊያባርረኝ ሲሆን የሚቆጠር፣ ሊጦረኝ ሲሆን የማይቆጠር አገልግሎት ምን የሚሉት ነው? በአማርኛም በዕብራይስጥም አልኳት፤ ቃል ሲያጥረኝ ጠረጴዛውን መታሁ።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ወረቀት ሰበሰበች። ከዚያ የምስጋና ወረቀቴን አትማ ሰጠችኝና፣ ፊቴን አይታ ታዝንልኝ ጀመር። አይዞህ አለችኝ፤ ለሃምሳ ዓመት ሰው እኮ ገና ልጅ ነው የምትመስለው።