በሥርዓት ተሸነፍ

[ዲላ፣ የመልከጼዴቅ አባት ሱቅ በረንዳ። ነገ ጓደኛቸው ግዛቸው ይርጋጨፌ ላይ ያገባል። ቀኑን ሙሉ ከሙሽራዋ ሚዜ ከሰላማዊት ጎን የሚሰለፈው አንደኛ ሚዜ ማን እንደሚሆን በአውሬ ካርታ ጨዋታ ይለይ ተባለ። ባልቻ ለዚሁ ብሎ ክራባት ተውሷል። መልከጼዴቅ ደግሞ፣ የአውሬ ካርታው ከአዲስ አበባ የተላከው ለእሱ ነውና፣ ተጫዋችም ዳኛም ራሱ ነው።]

መልከጼዴቅ፦ አቁም! እጅህን አንሳ!

ባልቻ፦ ምን አጠፋሁ? ዘንዶህን በጅቤ መታሁት እኮ።

መልከጼዴቅ፦ ሳትስብ! መጀመሪያ ከክምሩ ካርታ ይሳባል፣ ከዚያ ይመታል። ቅደም ተከተል የሚባል አልሰማህም?

ባልቻ፦ ረሳሁት። ለነገሩ ጅቤ ጉልበቱ ስድስት፣ ዘንዶህ አሥር። ጅቤ ሞተ፣ ሌላ አውሬ የለኝም። ተሸነፍኩ፣ አይደል?

መልከጼዴቅ፦ አልተሸነፍክም!

ባልቻ፦ [ፊቱ በርቶ] አሸነፍኩ?

መልከጼዴቅ፦ ወይ ጣጣ! ትሸነፋለህ፤ ግን በሥርዓት ነው የምትሸነፈው። አንተ ሱሪ ሳትለብስ ቀበቶ ትታጠቃለህ?

ባልቻ፦ [ትንሽ አስቦ] አንድ ቀን ቸኩዬ ነበር።

መልከጼዴቅ፦ ይኸው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

ባልቻ፦ መልኬ፣ በናትህ ተወኝ። አንደኛ ሚዜ አንተ ሁን፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እጨፍራለሁ። [አፉ ይህን ይበል እንጂ፣ ሰላማዊትን ከኋላ ሆኖ ማየት ምን ዋጋ አለው?]

መልከጼዴቅ፦ ነገ ሰው «ባልቻ ተሳስቶ ነው እንጂ» እንዲል? የእኔ ድል እንከን የለበትም! ጅብህን አንሳ።

ባልቻ፦ ሬሳውን?

መልከጼዴቅ፦ እንዳልሞተ ይቆጠራል! አሁን ሳብ!

ባልቻ፦ [ስቦ] ጦር ነው። «ለያዘው አውሬ ስድስት ጉልበት ይጨምራል» ይላል። ጅብ ጦር ይይዛል እንዴ?

መልከጼዴቅ፦ [ላብ አጥምቆት] ጅብ እጅ የለውም!

ባልቻ፦ ቅድም ያንተ ዓሣ ጋሻ ይዞ አልነበር?

መልከጼዴቅ፦ እ… ስማኝማ፣ ቅድም ሳትስብ የመታኸው ይጽናልህ። ሰው ነህ፣ ረስተህ ነው።

ባልቻ፦ ኧረ በሥርዓት! ሳብኩ፣ አሁን እመታለሁ። ስድስትና ስድስት… መልኬ፣ ስንት ነው?

መልከጼዴቅ፦ [እንደምንም] አሥራ ሁለት።

ባልቻ፦ ዘንዶህ ሞተ፣ ሌላ አውሬም የለህም ማለት ነው?

[መልከጼዴቅ የዘንዶውን ካርታ ገልብጦ አስቀመጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።]

ባልቻ፦ [ክራባቱን ከኪሱ አውጥቶ እያሰረ] እግዜር ይስጥህ! ተሸንፌ ልሄድ ስል ጠርተህ የመለስከኝ አንተ ነህ። ነገ ስንሰለፍ ታዲያ ቅደም ተከተሉን አደራ፦ መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ አንተ።