ሰቆጣ የገባው ባሕር

ለሚስቱ ያልተጨነቀውን ለድንጋይ የሚጨነቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰቆጣ ሳስተምር አንድ ግቢ አብሬው ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ከምጽዋ ተዛውሮ የመጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ሌላው ሰው ሲዛወር አልጋና ድስት ይጭናል፤ እሱ ግን በሰፊ ጠርሙስ ባሕር ይዞ መጣ። ባሕሩ ውስጥ ኮራል የሚሉት፣ ድንጋይ የሚመስል እንስሳ አለ።

ውሃው በቆሸሸ ቁጥር ከገበያ አሞሌ ጨው ገዝቶ፣ በዝናብ ውሃ በጥብጦ አዲስ ባሕር ይሠራለታል። በቀን ሦስት ጊዜ የእንቁላል አስኳል ያቀርብለታል። ኮራሉ ግን ይገረጣል፣ ውሃውም ይሸታል። ድሬሰሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ርቦት ነው!» ብሎ ይጨምርለታል።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ለክትባት ሥራ ወደ ደሃና ወረዳ ተላከ። ጠርሙሱንና እንቁላሉን ለአከራያችን ለእማሆይ ብርቄ አደራ ሰጥቶ ሄደ። የተመለሰው በፋሲካ ዋዜማ ነው።

«እማሆይ፣ በደንብ በላልዎ?»

«ምን ይበላል ልጄ? ሁዳዴ አይደል እንዴ! በእኔ ቤት ጾም የሚገድፍ የለም። ጠዋት ጠዋት ብቻ መስኮቱ ላይ እያስቀመጥኩ ፀሐይ አሞቀው ነበር።»

ድሬሰሩ እየጮኸ ወደ መስኮቱ ሮጠ። ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቷል፤ ኮራሉም እንደ አበባ ፈክቷል።

እማሆይ በደስታ እንቁላል ይዘው መጡ። «እንግዲህ ነገ ይፈስካል!»

በዕድሜው አንዲት ዓርብ ጾሞ የማያውቀው ሰውዬ ጠርሙሱን እቅፍ አደረገና ለመናቸው።

«በእመቤታችን ይዤዎታለሁ እማሆይ፣ ይጹምልኝ!»