የአያ አዛናው ፍርድ

ከተማ ተብሎ የተጠራ ቦታ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው በአሮጌ ዕቃ ላይ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ አንድ ሰው አያጣም። ወረታም አላጣችም። የእሷው ዳኛ ክቡር የቴምብር መርማሪ አያ አዛናው ናቸው፤ ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት ማኅተም ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ።

ቴምብር ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ እጁን እንዲታጠብ ይታዘዛል። ከዚያ ቴምብሯ ከነወረቀቷ ሳህን ውስጥ ትዘፈዘፋለች። ውሃው የቧንቧ እንዳይመስላችሁ፤ ከወንዛዬ ፍል ውሃ በጀሪካን የመጣ ነው። «የሰው ወገብ የሚያላቅቅ ውሃ ሙጫ ያቅተዋል?» ይላሉ። ወረታ እስኪደርስ እንደሚበርድ የነገራቸው ሰው አልጠፋም። እሳቸው ግን ቢበርድም ኃይሉ አይሄድም ባይ ናቸው።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽሩ ይወጣል፤ የቴምብሯ የጠርዝ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በመጨረሻ ራሳቸውን ይነቀንቁና ፍርዱን ይሰጣሉ። «ዋጋ የላትም።»

ቄስ ኪዳነ ማርያም ከአባታቸው ሰነድ መሐል ያገኟትን አመጡ። «አባቴ፣ ይቺ የክስ ማመልከቻ ላይ የምትለጠፍ ናት። ደብዳቤ አድርሳ አታውቅም፤ ዋጋ የላትም» አሏቸው። ቄሱ ተክዘው፣ «ያኔስ በሬ አሽጣናለች» አሉ። አንድ የሐሙሲት ሰው ደግሞ አንድ የብስኩት ጣሳ ሙሉ ይዞ መጥቶ ግማሽ ቀን ሲመረመርለት ዋለ። ሁሉም ወደቁ። «ጣሳውስ?» ቢል፣ «ጣሳው ደህና ነው» ተባለ።

ከመንገዱ ማዶ ልብስ የሚሰፋው ማረው ታዲያ ባለጉዳይ በወጣ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። «አያ አዛናው፣ የዛሬዋስ?» መልሱን ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው ለመሳቅ ነው። ይህ ሳቅ አያ አዛናውን ያማቸው ነበር። ከመሞታቸው በፊት አንዲት ብርቅ ቴምብር፣ አንዲት ብቻ አግኝተው አፉን ሊያዘጉት ይመኙ ነበር።

ግንቦት ላይ ሩዝ ሻጯ ካሳነሽ አንድ ፖስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ወንድሟ አንለይ በደርግ ጊዜ ከግንባር የላከላት የመጨረሻው ደብዳቤ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

«ልጄ እየሩስ ናት ሂጅ ያለችኝ። ውድ ከሆነ ሸጠን፣ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን እንቀይር ትላለች።»

አያ አዛናው ከመዘፍዘፋቸው በፊት መነጽሩን አስጠጉ። ቴምብሯ ላይ የተሣለችው ወፍ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ከማኅተሙ ቀለም ሥር የተሸሸገው ሃያ አምስት ሳንቲም የሚለው ጽሑፍ ግን ተዘቅዝቆ ታትሟል። እንደገና አዩ።

«እታለም፣ ይቺ በስህተት የታተመች ብርቅ ናት፤ ዋጋ አላት። ትልቅ ዋጋ።»

ካሳነሽ ደስ ያላት አትመስልም። «ገዢዎቹ ነቅለው ነው የሚወስዷት?»

«የለም፣ ከነፖስታው ነው። ጽሕፈቱም ማኅተሙም ዋጋዋን ይጨምረዋል።»

«አንለይ በምን ነው ያጣበቃት?» ብላ ጠየቀች።

«ጀርባዋ ሙጫ አለው፤ በምራቁ አርሶ ነዋ፣ ሌላ በምን።»

ካሳነሽ ጣቷን ቴምብሯ ላይ አሳረፈች። «መቃብር እንኳ የለውም። ተዝካሩን ያወጣነው በስሙ ብቻ ነው» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አያ አዛናው፣ ዋጋ የላትም ይበሉልኝ። እርስዎ ካሉ እየሩስ ታምናለች። ቆርቆሮው እንደምንም ይሆናል።»

አያ አዛናው በዕድሜያቸው ሐሰተኛ ፍርድ ሰጥተው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቋት ደግሞ እጃቸው ላይ ናት። ማረው ከማዶ አንገቱን አስግጓል።

«አያ አዛናው፣ የዛሬዋስ?»

ፖስታውን በሁለት እጃቸው አክብረው መለሱላት። ከዚያ ወደ ማዶ ጮክ ብለው፣ «ዋጋ የላትም!» አሉ። ማረው ሲስቅ ክሩ ተበጠሰበት።

ሰኔ ሲገባ ወረታ ሽማግሌው አያ አዛናው በካሳነሽ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው አየች። የወንዛዬን ጀሪካን ቀደው፣ በቁራጩ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ከታች መሰላሉን የያዘላቸው ማረው ነበር።

«በምን ሊያጣብቁት ነው?» አላቸው።

«በምራቅ።»

ማረው አልገባውም። ካሳነሽ ግን በሩ ላይ ቆማ ሳቀች።