ልብስ ሰፊው የአማታቸውን ሞተር ሳይክል ያስነሡበት ዜና መዋዕል

በአማችነት በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፥ የጣሪያው ማፍሰስ በተገታ በማግሥቱ፥ በዘመነ ዝገት፥ የሱሪዎች ሁሉ መጋቢ፥ የኮቶች ሁሉ አለኝታ፥ መርፌያቸው የማይስት፥ ክራቸው የማይበጠስ ልብስ ሰፊው፥ የሟች አማታቸውን ሞተር ሳይክል ከወደቀበት ሊያስነሡ እንደ ታጠቁ እንዲህ ተጻፈ።

ያ ሞተር ሳይክል ጥንታዊ ነበረ። አማታቸው በሕይወት ሳሉ አንዲት ሴት ልጃቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው ትምህርት ቤት ያደርሱበት ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን በስፌቱ ክፍል ጥግ ቆሞ፥ ዝገት እየበላው፥ ያላለቀ ቀሚስ እየተሰቀለበት፥ ማዕረጉም ከሞተርነት ወደ ልብስ መስቀያነት ወርዶ ኖረ። በዚህም ጊዜ ያቺ ልጅ፥ አሁን የልብስ ሰፊው ባለቤትና የቤቱ እቴጌ፥ ማማሰያቸውን እንደ ያዙ ከኩሽናው ደጃፍ ዐዋጅ አስነገሩ፤

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ድመቱም ይስማ። አባዬ ይሄን ጉድ ቢያይ ሁለተኛ ነው የሚሞተው። ወይ እስከ ቅዳሜ እየጮኸ በገዛ እግሩ ከዚህ ቤት ይውጣ፥ ወይ ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ይውሰደው። እኔ የአባቴን ሞተር እንዲህ ተዋርዶ እያየሁ ሽንኩርት አልከትፍም።»

ልብስ ሰፊውም ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጠበበ፤ ባለቤታቸው የአባታቸውን ሞተር መሸጥ እንዳልወደዱ ያውቁ ነበርና፤ ደግሞም ያወጁትን የማያጥፉ መሆናቸውን ያውቁ ነበርና። ስለዚህ ሠራዊታቸውን አስከተቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ የእቴጌዪቱ ወንድም፥ የጭነት መኪና ሹፌሩ፥ ባትሪ ያዥ፥ ሲያበራም የራሱን ፊት ብቻ የሚያበራ፤ ጎረቤቱ ጡረተኛ፥ የምክር አዝማች፥ ከወንበሩ ሳይነሣ ሁሉን የሚያውቅ፤ ባለ ከዘራዋ አማታቸው፥ የሟቹ ሚስት፥ ለማን እንደሚወግኑ ያልታወቀ፤ በስተኋላም ድመቱ፥ ያለ ሹመት።

ከሞተሩ አካል የቀኙ ጎን ክዳን ጠፍቶ ነበርና አስቀድመው ወደ አሮጌ ብረት ነጋዴው ዘመቱ። ይህም ሰው ምን ቢጠይቁት «የለም» ብሎ ስለማያውቅ ቅጽል ስሙ «ይኖራል» ተባለ። እርሱም በብረት ክምር ላይ ቆሞ እንዲህ ሲል ዐወጀ፤

«ይኖራል። ባይኖርም ይመጣል። ባይመጣም ሌላ እንገጥማለን።»

ልብስ ሰፊውም የፓራፋንጎ ተራራ ወጡ፥ የሰንሰለት ሸለቆ ወረዱ፥ ሁለት ክዳንም ማረኩ፤ አንዱ የውኃ ፓምፕ ክዳን ሆኖ ተገኘ፥ ሁለተኛውንም የወለደው መኪና እስከ ዛሬ አልታወቀም። ተስፋ በቆረጡ ጊዜ ግን የይኖራል ዶሮዎች ውኃ ሲጠጡ አዩ፤ የሚጠጡበትም ዕቃ እነሆ ያ የቀኝ ክዳን ነበረ። ይኖራልም «ክዳኑን ውሰደው፥ ዶሮዎቼስ በምን ይጠጡ? ሱሪዬስ ከኋላው እንዲህ ተቀድዶ እያየኸው ዝም ትላለህ?» ብሎ አስነገረ። ስለዚህ ውል ታሰረ፤ አንድ የፕላስቲክ ሳሕንና አንድ የመቀመጫ እራፊ በክዳኑ ፈንታ ተሰጡ፤ እራፊውም እስኪሰፋ ድረስ ይኖራል ከተነቀለ የመኪና በር ኋላ ቆሞ በመስኮቱ ደንበኞቹን አስተናገደ።

ነገር ግን የክዳኑ አሉሚኒየም ዘመኑን ሁሉ ውኃ ይዞ ኖሯልና ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት መስሎ ተቦርቡሮ ነበር። ልብስ ሰፊውም የብርጭቆ ወረቀት ይዘው፥ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየተሻገሩ ፈተጉ። በዚያም ስሕተት አገኛቸው፤ ልብስ በክሩ አቅጣጫ ይተኮሳልና ብረቱንም ወደ አንድ ወገን ብቻ ፈተጉት፤ የፊተኛው ወረቀት ጭረትም እስከ መጨረሻው አብሯቸው ዘለቀ። ባትሪ ያዡም አይቶ «ጋሼ፥ እንግዲህ የቀረው ኪስ ብቻ ነው፤ ሱሪ ሆኗል» ሲል ዐወጀ። ሠራዊቱም ሳቀ። እሳቸው ግን ድርና ማግ ትዝ አላቸው፤ ከእንግዲህም እያንዳንዱን ወረቀት በፊተኛው ላይ አግድም እያስኬዱ፥ የብረቱ ቆዳ እስከ ጉድጓዶቹ ወለል ድረስ እስኪወርድ ፈተጉ። ቀጥሎም የጥጥ ቁርጥራጭ በክብ በክብ ቆርጠው፥ ደራርበው ሰፍተው፥ በእግር ከሚረገጠው የስፌት መኪና መዘውር ጋር አያይዘው፥ የብረት መወልወያ ቅባት ቀብተው፥ ክዳኑን አስደግፈው ረገጡ። ክዳኑም አንድ ጊዜ ከእጃቸው አምልጦ የምክር አዝማቹን የሻይ ብርጭቆ ደመሰሰ፤ እርሱም «እኔ ብሆን ጠበቅ አድርጌ እይዝ ነበር» አለ። በመጨረሻም የልብስ ሰፊው ፊት ጠቆረ፥ ክዳኑም መስተዋት ሆነ።

ቅዳሜም ሆነ። ቁራሌው ሚዛኑን ይዞ በበሩ ላይ ሰፈረ፤ «እኔ አልቸኩልም፤ ብረት አይሻግትም» ብሎም አስነገረ። ሞተሩ ወደ ግቢው ወጣ፥ ቤንዚኑ ተከፈተ፥ ወዲያውም ልብስ ሰፊው ደጋግመው ረገጡት፤ እርሱ ግን ዝም አለ። ካንዴላው ወጥቶ ተጠረገ፤ አሁንም ዝም አለ። እቴጌዪቱ መጥተው በክዳኑ ላይ የገዛ ፊታቸውን አዩ፥ ነጠላቸውንም አስተካከሉ፥ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ መለሱ። ቁራሌውም ሚዛኑን አወዛወዘ።

ያን ጊዜ አማታቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው ታላቁን ዐዋጅ ዐወጁ፤

«ሟቹ በዝምታ አስነሥቶት አያውቅም። ቤንዚኑን ይከፍትና መጀመሪያ ይሰድበዋል። ሰድቦ ሲወጣለት ነው የሚረግጠው። ስደበው ልጄ።»

ልብስ ሰፊው ግን ኮቱን አሰፍቶ የጠፋን ደንበኛ እንኳ ሰድበው አያውቁም ነበር። ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው፥ በሹክሹክታ፥ «ትንሽ ሰነፍ ሳትሆን አትቀርም» አሉት። ሠራዊቱም አፈረ። አማታቸውም በከዘራ ገለል አድርገዋቸው የሟቹን ቃል እንዳለ አወረዱት፤

«አንተ ጠጥቶ ካጅ። ቁልቁለት ላይ ጀግና፥ ዳገት ላይ በሽተኛ። ከአንተስ አህያ ብገዛ ቢያንስ ትሰማኝ ነበር። ተነሥ፥ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትቀርብኛለች።»

እቴጌዪቱም ሳቁ፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። ልብስ ሰፊው ረገጡ፤ ሞተሩም አጓራ፥ ግቢውም በጢስ ተሞላ፥ ድመቱም ከዘመቻው ከዳ። ቤንዚኑ እስኪወርድ ጊዜ ፈልጎ ነው እንጂ ስድቡ አይደለም የሚሉ ተጠራጣሪዎች አሉ፤ ይህ ዜና መዋዕል አያውቃቸውም። እቴጌዪቱም «ቁራሌው በሰላም ይሂድ፤ አንተም ቀስ ብለህ ንዳ» ብለው ዐውጀው ከኋላ ተቀመጡ፤ በበሩም ወጡ።

ከመንገዱ ጫፍ፥ ከዳገቱ ወገብ ላይ ግን ሞተሩ ጠፋ። በዚያ፥ ሱቅ ሁሉ እየሰማ፥ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ እያየ፥ ልብስ ሰፊው ወርደው፥ እጃቸውን በወገባቸው አድርገው፥ ሟቹ አማታቸው እንኳ ተናግረውት የማያውቁትን፥ ከገዛ ሆዳቸው የወጣውን ረጅምና ባለ ዘርፍ ስድብ በሙሉ ድምፅ አወረዱ፤ እቴጌዪቱም ከኮርቻው ላይ ሆነው አንድ ሁለት ቃል ጨመሩላቸው፤ ሞተሩም ደንግጦ ተነሣ።

ክብር ይድረሳቸው ለልብስ ሰፊው፥ ድርና ማግን ለብረት ላስተማሩ፥ ዶሮዎችን ያለ ደም ድል ለነሡ፥ ኃያል ወልደ መርፌ፥ ሞኣ ዝገት፥ ልጅ በማግባት ሳይሆን በስድብ ርስታቸው ለተረጋገጠ፥ ለሟች አማታቸው እውነተኛ ወራሽ።